ማንኪያ ላይ የሚቆም ገንፎ

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ኮልፌ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ፣ ሁለተኛ ልጄን ታቅፌ ወረፋ ይዣለሁ። 14 ወሯ ነው። ታማብኝ አልነበረም፤ የክትባት ካርዷ ላይ ያልተሞላ ነገር ስለነበር እሱን ላስሞላ ነው የሄድኩት። ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ሰው የማትፈራ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየተቀባበለ የሚስማት ልጅ ናት።

ሲስተሯ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ነጠላዋን ከጋውኗ በላይ ጣል ያደረገች ሴት ናት። ልጄን ከሚንጠለጠለው ሚዛን አውርዳ "7 ኪሎ ከ600" ብላ ጻፈች። ከዚያ ካርዱን ወደ እኔ አዞረችልኝ። 9 ወሯ ላይ 7 ኪሎ ከ300 ነበረች። በ5 ወር ውስጥ የጨመረችው 300 ግራም ብቻ ነው። ካርዱ ላይ የታተሙት መስመሮች ሽቅብ ይወጣሉ፤ የልጄ መስመር ሜዳ ላይ ተኝታለች።

"እህቴ፣ ምን ትበላለች?"

"ሁሉንም ትበላለች ሲስተር። አጥሚት አለ፣ ብስኩት በሻይ አለ፣ ፍትፍትም ትቀምሳለች።"

"አጥሚቱን በምን ነው የምትሰጫት?"

"በጡጦ።"

ጡጦው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጪው አለችኝ። አጥሚቱ አልወርድ እያለ ሲያስቸግረኝ የጡጦውን ጫፍ በጋለ መርፌ አስፍቼው ነበር። እሱን አይታ ምንም አላለችም። ክዳኑን ከፈተች፣ ከመሳቢያዋ ማንኪያ አወጣች፣ ትንሽ ጠብ አደረገችበትና ማንኪያውን ዘንበል አደረገችው። አጥሚቱ እንደ ውሃ ወረደ። ማንኪያው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

"ይሄ ውሃ ነው" አለችኝ፤ ሌሎቹ እናቶች እንዳይሰሙብኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ልጅሽ ሆዷ ሞልቷል እንጂ አልተመገበችም። ዛሬ ቤትሽ ስትገቢ ገንፎ አገንፊና ማንኪያውን እንዲህ ዘንበል አድርጊው። ካልፈሰሰ፣ ማንኪያው ላይ ከቆመ፣ ለልጅ ሆኗል ማለት ነው።"

ወደ ቤቴ ስመለስ እንባዬ ይመጣ ነበር። እኛ ቤት እህል ጠፍቶ አያውቅም። ሀብታም ባንሆንም እንጀራ አለ፣ ሽሮ አለ፣ በበዓል ዶሮ አለ። ልጄን አስርቤ አላሳደርኩም። አንጀቴን የበላኝም ይኸው ነው። ልጅ ጠግቦ ሊጎዳ እንደሚችል ያን ቀን የነገረኝ ያ ማንኪያ ነው። ይኸው 7 ዓመት አለፈው፤ ሦስተኛ ልጅም ወልጄ አሳድጌያለሁ። ስለ ልጅ ምግብ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር የምናገረው ከዚያ ማንኪያ ጀምሬ ነው፤ መጥገብ ሌላ፣ መመገብ ሌላ።

ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። የአንድ ዓመት ልጅ ሆድ ትንሽ ናት፤ ከአንድ የውሃ ብርጭቆ ብዙም የበለጠ አትይዝም፣ 200 ሚሊ ሊትርን ትንሽ ብታልፍ ነው። ያችን ሆድ በቀጭን አጥሚት ስንሞላት ልጁ ይጠግባል፣ ያንቀላፋል፣ እኛም ደስ ይለናል። ውስጡ ያለው ዱቄት ግን አንድ ሁለት ማንኪያ ቢሆን ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። ሆድ ትንሽ ከሆነ የሚገባው ነገር ወፍራም መሆን አለበት፤ ደጋግሞም መግባት አለበት። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ልጅ ከጡት በተጨማሪ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ ከ3 እስከ 4 ጊዜ መብላት ይገባዋል፤ በመሃል ደግሞ አንድ ሁለት መክሰስ። እኔ ልጄን ጠዋትና ማታ አብልቼ፣ በመሃል ስታለቅስ ጡጦ አቀብላት ነበር።

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃል፤ ውሃ እንኳ አያስፈልግም። ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደውን ቢጫማ ወተት፣ እንገሩን፣ ብዙ ቤት አልበው ይደፉታል፤ ለአራስ ልጅም ለጋ ቅቤ የሚያስውጡ አሉ። አማቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለመጀመሪያ ልጄ እንዲሁ አድርጋለታለች፤ በክፋት አይደለም፣ ለእሷም የተደረገላት እንዲሁ ስለሆነ ነው። እንገር ግን የልጁ የመጀመሪያ መከላከያ ነው፤ አንዲት ጠብታ መደፋት የለባትም። ከ6 ወር በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ልጁ ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣው የብረት ስንቅ እያለቀ ይሄዳል፤ የጡት ወተትም ለብቻው አይበቃውም። ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል፤ ምግቡ ግን መጀመር ያለበት ልክ 6 ወሩ ሲሞላ ነው።

ይህ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 58ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ ለዕድሜያቸው አጥረው ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 38 ወረደ፤ እኔ ያንን ወረፋ በያዝኩበት በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 37 ነበር። አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. 15 ነበር። ከሌላው አገር ስናስተያየው ከተማችን ጥሩ ላይ ናት፤ ነገር ግን ከ100 ልጆች 15 ማለት በእኔ ሠፈር እያንዳንዱ ቅያስ ውስጥ ሁለት ሦስት ልጅ ማለት ነው። መቀንጨር ቁመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ከጽንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ የሚሠራው አእምሮም ነው፤ በእነዚያ ቀናት የጎደለውን በኋላ መሙላት በጣም ይከብዳል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ በ2030 እ.ኤ.አ. ከ2 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ መቀንጨርን ለማጥፋት ቃል የገባው ለዚሁ ነው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ 100 ልጆች ውስጥ በዓይነትም በድግግሞሽም የሚገባቸውን ትንሹን ያህል እንኳ የሚመገቡት 7 ብቻ ነበሩ። 7! ይህ እህል ያጣ ቤት ቁጥር ብቻ ሊሆን አይችልም። እህል ያለው፣ ግን ለልጁ ምን እንደሚሰጥ ያልተነገረው ቤትም አብሮ ተቆጥሯል። የእኔ ዓይነት ቤት።

ያን ቀን ማታ ገንፎ አገነፋሁ። ዱቄቱ ከጎረቤት የተበደርኩት የገብስ ዱቄት ነበር። ሁለት ጊዜ ቀጠነብኝ፤ ሦስተኛው ማንኪያው ላይ ቆመ። ልጄ የመጀመሪያውን ጉርሻ ተፋችው። ሁለተኛውንም። ጡጦ የለመደ ልጅ ማላመጥ ሥራ ይሆንበታል፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ታገልን። ጡጦውን ለባለቤቴ ሰጥቼ ጣልልኝ ያልኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ በዓይኔ ካየሁት እንደምሸነፍ አውቄ ነበር።

ከዚያ በኋላ የራሴን ምጥን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ኮልፌ ውስጥ የእህል ሱቅ ሞልቷል። ገብስ፣ ስንዴና አጃ አንድ አንድ ጣሳ እወስዳለሁ፤ ለሦስቱ ጣሳ እህል አንድ ጣሳ ሽምብራ። ከተገኘ ለውዝ እጨምራለሁ፤ ለውዙን ግን አንድ በአንድ እለቅመዋለሁ፣ ሻጋታ የነካው ለውዝ መርዝ አለውና። ሽምብራውን አንድ ሌሊት ዘፍዝፌ ውሃውን እደፋለሁ፤ ሆድ እንዳይነፋም፣ በውስጡ ያለው ብረት ተቋጥሮ እንዳይቀርም ይረዳል። ሁሉንም አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ለየብቻ አመስ አድርጌ ወፍጮ ቤት እወስዳለሁ። በርበሬ የሚፈጨውና እህሉ የሚፈጨው ወፍጮ የተለያየ መሆኑን ሳላይ እህሌን ለማንም አልሰጥም።

ምጥን ስል ግን ዓይነት ማብዛት ማለቴ አይደለም። አንዳንድ እናቶች 12 ዓይነት እህል ደባልቀው "ምርጥ ምጥን" ይሉታል፤ 11ዱ እህል ከሆነና ጥራጥሬው አንድ እፍኝ ብቻ ከሆነ 12ቱም አንድ ናቸው። ትምህርት ቤት የተማርነውን እናስታውስ፤ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ። ገብስም ስንዴም በቆሎም ኃይል ሰጪ ናቸው። ሽምብራ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ገንቢ ናቸው። ካሮት፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ፓፓያ ተከላካይ ናቸው። ከሦስቱም ረድፍ ገንፎው ውስጥ ካልገባ ምጥኑ አልተመጠነም። እኔ ገንፎው እሳት ላይ እያለ አንድ እንቁላል መትቼ እጨምርበታለሁ፣ የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባ እፈጭበታለሁ፣ ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል አደርግበታለሁ። ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ በፍጹም አይሰጥም፤ አዋቂን የማይጎዳ ጀርም ህፃንን ሊገድል ይችላል።

ፋፋን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እናቴ እኛን ያሳደገችው በፋፋ ነው፤ ያቺን ፓኮ ዛሬም ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳያት የልጅነቴ ማለዳ ይመጣብኛል። ነገሩ የተጀመረው በንጉሡ ዘመን ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና ስዊድን ተባብረው የሕፃናት የሥነ ምግብ ክፍል የሚባል አቋቋሙ፤ እሱም በ1968 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። የእነዚያ ባለሙያዎች ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ከውጭ በውድ የሚመጣውን የሕፃን ምግብ አገር ውስጥ ካለው እህልና ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ጨምሮ መሥራት። ስሙንም ከእናቶች አፍ አወጡለት፤ ልጁ ፋፋ ሲባል ወፈረ፣ አማረበት ማለት ነው። ኢንስቲትዩቱ በኋላ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በምንለው ውስጥ ገባ። ማንኪያ ላይ የሚቆመው ገንፎ እንግዲህ ለዚህ አገር አዲስ ትምህርት አይደለም፤ እየረሳነው ነው እንጂ።

ጉሊት ላይ ያለውን ሀብት ሳስብም እንዲሁ ይቆጨኛል። አጠና ተራ አካባቢ ማታ ማታ መንገዱን ይዘው የሚቀመጡ እናቶች አሉ። ጎመን በእስር፣ ቲማቲምና ካሮት በመደብ፣ ዱባ በቁራጭ። ዱባን የድሃ ምግብ እያልን ንቀነዋል። ያ ብርቱካንማ ቀለሙ ራሱ ነው ለልጅ ዓይን የሚሆነው ቫይታሚን ኤ የሚገኝበት፤ ካሮትና ፓፓያም እንደዚያው። ጎመን ስገዛ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ፤ በከተማችን የተበከሉ ወንዞች ዳር የለማ ቅጠል ላይ ጥናቶች ከባድ ብረት አግኝተዋልና፣ ያንን ደግሞ ማጠብ አያስለቅቀውም። ጎመን የምትሸጥልኝ እናት አሁን ሳልጠይቃት ትነግረኛለች። ግቢያችን ጥግ በማዳበሪያ ጆንያ የተከልኩትም አለኝ፤ ለአምስት ሰው ባይበቃም ለልጆቹ ገንፎና ወጥ ይደርሳል።

ጎረቤቴ የጉራጌ ሴት ናት። ጎመኑን ደቃቅ አድርጋ ከትፋ፣ በአይብና በቅቤ አሽታ ለልጅዋ በቆጮ ስትሰጠው ሳይ "ይሄን ማን አስተማረሽ?" ብያት አውቃለሁ። "ማን ያስተምረኛል፣ እንዲሁ ነው የሚበላው" አለችኝ። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ገንቢ ነገሩ ትንሽ ነው፤ አይቡ ያንን ይሞላል፣ ጎመኑ ሌላውን። የቀድሞ ሰዎች ያለ ላቦራቶሪ ያወቁት ነገር ነው። እንጀራ በሽሮም እንደዚሁ ነው፤ እህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላዋል። ጤፍ ራሱ ብረትና ካልሲየም ያለው እህል ነው፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ደግሞ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል።

ታዲያ ጤፍ እየበላን፣ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ 100 ልጆቻችን 57ቱ ደም አንሷቸው ለምን ተገኙ? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ወባ አለ፣ የሆድ ትል አለ፣ ሥጋና እንቁላል አለመብላት አለ። አንዱ ግን በየቤታችን ምድጃ ላይ ያለ ነው፤ ሻይ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ የእህሉን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ይከለክሉታል። እኔ ለልጄ ብስኩት በሻይ ስሰጥ የኖርኩት ብዙ ብረት የሌለውን ብስኩት፣ ብረት ከሚከለክል ሻይ ጋር ነው። አሁን ቤቴ ውስጥ ልጅ ሻይ አይጠጣም። ሽሮው አጠገብ ቲማቲም በሎሚ፣ ከምግብ በኋላ ብርቱካን ቁራጭ ካለች ብረቱን ታስገባዋለች።

ስለ ጾም ልናገር፤ እኔም ጿሚ ነኝና በፍቅር ነው የምናገረው። ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም ብላ አታስገድድም። ነገር ግን በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመርበት፣ ብዙ ቤት ሕፃኑ አብሮ ይጾማል። ማንም "ጹም" ብሎት አይደለም፤ ዕቃ ይነካካል ብለን ነው። ወተት የፈላበት ድስት ከጾሙ ወጥ ድስት ጋር እንዳይገናኝ ብለን የልጁን ወተት እናቆማለን። እኔ ለዚህ ያገኘሁት መላ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንዲት ሳህን ለብቻ መግዛት ነው። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰው ሁሉ የልጅ መሆናቸውን ያውቃል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም የንስሐ አባቷን ብታማክር መልካም ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቼ በረመዷን ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ፈቃድ እንዳለ ነግረውኛል፤ ብዙዎቹ ግን አይጠቀሙበትም።

ልጅ ሲያድግ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። እኔ ትምህርት ቤት አጠገብ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደብተር ሊገዙ የሚመጡ ልጆች እጃቸው ላይ ቺፕስ፣ ከረሜላ፣ በላስቲክ የታሰረ ቀለም ያለው ጭማቂ ነው የማየው። አንድ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። አንድ እናት ሻይ ላይ 8 ማንኪያ ስኳር ጨምራ ለልጅዋ ስትሰጥ ብናይ ሁላችንም እንጮኻለን፤ በጠርሙስ ሲሆን ግን የበዓል ደስታ ይሆናል። በእኛ ሠፈር ዛሬ አንድ እንቁላል ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይረክሳል። "እንቁላል ተወደደ" የምትለኝ እናት ልጅዋን ለስላሳ ይዛ ሳያት ዝም ብዬ አላልፍም።

ምሳ ዕቃም የራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያ ልጄ አፀደ ሕፃናት እያለ በነጭ ፓስታ ነበር ምሳ ዕቃውን የምሞላለት፤ ስለሚወደው። ማታ ሲመጣ ተርቦ፣ ተነጫንጮ ይመጣል። ባለሙያ አላማከርኩም፣ ራሴ ሞከርኩ። ፓስታው ላይ ምስር ወይም የተቀቀለ እንቁላል፣ ከጎኑ ሙዝ። ፍርፍር ስሰጠው ደግሞ ካሮትና ቃሪያ ከትፌ። ዳቦ ሲሆን የለውዝ ቅቤ። ልዩነቱን አስተማሪው ሳይቀር አይቶታል። ጨው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የምንበላው ጨው አዮዲን የተጨመረበት መሆን አለበት፣ አዮዲኑ ግን ይተናል። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጉት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄ መንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ሲገባ የከተማው አስተዳደር የተማሪዎች ምገባን ጀመረ፤ ቁርስና ምሳ። ያን ጊዜ ምን ያህል ሸክም ከትከሻችን እንደወረደ ያላየው ሰው አይገባውም። ከሠፈራችን እናቶች መካከል እዚያ ምግብ አብሳይ ሆነው ሥራ ያገኙ አሉ። አዲስ አበባ በዚህ ሥራዋ በ2022 እ.ኤ.አ. የሚላን ስምምነት የሚባለውን ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝታለች። ለእኔ ትልቁ ሽልማት ግን ሌላ ነው። እቤት ቂንጬ አልበላም ብሎ የሚገላምጠኝ ልጅ፣ አንድ ቀን መጥቶ "እማዬ፣ ትምህርት ቤት እንዳለው ዓይነት ቂንጬ ሥሪልኝ" አለኝ። ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሲበላ ወዶት ነው። ልጅ የሚበላው ያዘዝነውን ሳይሆን ሌላው ሲበላ ያየውን ነው።

ይህ ደግሞ ወደ ገበታችን ይመልሰኛል። እኛ በአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ ባህላችን ነው፣ እወደዋለሁ፣ እንዲቀር አልፈልግም። ግን ትንሽ ልጅ ከትልቆች እጅ ጋር አይሽቀዳደምም። እኩል ተቀምጦ፣ እኩል ተነሥቶ፣ ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም። ለትንሿ ልጄ በገበታው ዳር የራሷ ሳህን ተቀመጠላት፤ ምን እንደገባ፣ ምን እንደተረፈ የማየው በእሱ ነው። ጉርሻውም አልቀረባትም፤ ያ ፍቅር ነው፣ ሳህኗ ደግሞ ምግቧ ነው።

አንድ የፋሲካ ማግስት የመጀመሪያ ልጄ "እማዬ፣ እንቁላሉ ለምን የአባባ ብቻ ሆነ?" አለኝ። ዶሮው በ12 ብልት ተበልቶ ወጥቷል፤ ፈረሰኛው ለአባት፣ እንቁላል ለአባትና ለእንግዳ፣ ለልጆች ክንፍና አንገት። እኔም እንዲሁ ነው ያደግኩት፤ ሥጋ ለህፃን ይከብዳል እየተባለ። መልስ አጣሁ። ባለቤቴ ምንም ሳይናገር እንቁላሉን አራት ላይ ከፈለው፣ ሁለቱን ለልጆቹ ሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት እንቁላል ሲቀቀል መጀመሪያ የሚቆጠረው የልጆቹ ነው። አባቶች ሆይ፣ ይህን እናት ብቻዋን ልትለውጠው አትችልም። ሳህኑ ከእናንተ እጅ ነው የሚጀምረው።

ልጄ ገንፎ ከጀመረች በሁለተኛ ወሯ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ሄድን። 8 ኪሎ ከ500። ሲስተሯ መስመሩን በእስክሪብቶዋ ስታገናኘው ሽቅብ ወጣ። ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ገንፎ ስታይ አሁንም ትሸሻለች፣ ቆሎና ሽምብራ ግን ከኪሷ አይጠፋም።

እናቶች፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ከ5 ዓመት በታች ያለን ልጅ ማስመዘን ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁ እስኪታመም አትጠብቁ። ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩን ብቻ ጽፈው ከመለሱላችሁ "መስመሩን አሳዩኝ" በሉ።